ከቀመሩ በፊት፦ የጋዝ ሕግ ጥያቄዎችን እንዴት እንሥራ?

ውድ የጀማዓችን እህቶችና ወንድሞች፣ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ የገባችሁ የፍሬሽ ተማሪዎች፤ የጀነራል ኬሚስትሪ ሚድ ፈተና እየቀረበ ነው። ከምዕራፎቹ ሁሉ የጋዝ ሕጎች ቀላል ይባላል። ቀመሩ አጭር ነው፤ ሒሳቡም ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ሆኖም በየዓመቱ ብዙ ማርክ የሚፈሰው እዚሁ ላይ ነው። የአንደኛ ዓመት ውጤት ዲፓርትመንት ስንመደብ የሚታይ ስለሆነ ደግሞ ነገሩ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሜዲስንም ሆነ ሶፍትዌር የሚመኝ ሰው አንድ ቢ ወደ ሲ ስትወርድ ምን እንደምታስከፍል ያውቃል።

በየዶርሙ የሚዞረው ማጠቃለያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቦይል ሕግ፣ የቻርልስ ሕግ፣ የጌ ሉሳክ ሕግ፣ የአቮጋድሮ ሕግ፣ ጥምር የጋዝ ሕግ፣ መጨረሻ ላይ አይዲያል የጋዝ ሕግ፤ ስድስት ቀመር ከነስማቸው ተደርድሯል። ተማሪው ስድስቱንም አጥብቆ ይሐፍዛል። ፈተናው ላይ ጥያቄው ሲመጣ ግን «ይሄ የቦይል ነው የቻርልስ?» እያለ ሰዓቱን ይጨርሳል። ቁርኣን ቤት ያለፈ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ መትኑን ያለ ሸርሕ መሐፈዝ ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት ያ ወረቀት ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበዛል። ስድስቱ ቀመሮች አንድ ቀመር ናቸው። መሐፈዝ ያለበት እሱ ብቻ ነው፤ የቀረው ሥራ ጥያቄውን በትክክል ማንበብና መለኪያዎቹን ማስተካከል ነው።

ጋዙ ምን እያደረገ ነው?

አንድ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አንሡ። ባዶ እንለዋለን እንጂ አየር ሞልቶታል። አዲስ አበባ ላይ ከሆንን በውስጡ ወደ 9,000 ቢሊዮን ቢሊዮን የሚጠጉ ሞለኪዩሎች አሉ። ሁሉም በከፍተኛ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፣ ግድግዳውን ይመታሉ፣ ይመለሳሉ። ግፊት የምንለው ይህን ምት ነው።

ይህን ሥዕል በአእምሯችሁ ከያዛችሁ ሕጎቹ ራሳቸው ይወጣሉ። ጠርሙሱን ጨምቃችሁ ቦታውን ብታጠቡት ሞለኪዩሎቹ ግድግዳው ጋ ቶሎ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል። ብታሞቁት ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ ምቱም ይበረታል፣ ይበዛልም። ተጨማሪ አየር ብትነፉበት የሚመቱት ይበዛሉ። ከዚህ ውጪ ምንም ምሥጢር የለም።

እንግዲህ የምንከታተላቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ ግፊት፣ ይዘት፣ የጋዙ መጠን በሞል፣ እና ሙቀት። ሰሌዳ ላይ እንደምናያቸው ፒ፣ ቪ፣ ኤን እና ቲ እንበላቸው። አራቱን የሚያስተሳስረው ይህ ነው፦

ፒ × ቪ = ኤን × አር × ቲ

አር የማይለወጥ ቁጥር ነው፤ ለየትኛውም ጋዝ አንድ ነው። የሚለዋወጡትን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ብናመጣ (ፒ × ቪ) ÷ (ኤን × ቲ) ሁልጊዜ አርን ይሰጠናል። ከለውጡ በፊትም አር፣ ከለውጡ በኋላም አር። ስለዚህ፦

(ፒ1 × ቪ1) ÷ (ኤን1 × ቲ1) = (ፒ2 × ቪ2) ÷ (ኤን2 × ቲ2)

ከዚህ በኋላ ያልተለወጠውን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ነው። መጠኑና ሙቀቱ ካልተለወጡ ኤን እና ቲ ይሰረዛሉ፤ ፒ1 × ቪ1 = ፒ2 × ቪ2 ይቀራል፤ የቦይል ሕግ ይኸው። መጠኑና ግፊቱ ካልተለወጡ ቪ1 ÷ ቲ1 = ቪ2 ÷ ቲ2 ይቀራል፤ ቻርልስ ነው። ይዘቱና መጠኑ ሲሰረዙ ጌ ሉሳክ ይመጣል፤ ግፊቱና ሙቀቱ ሲሰረዙ አቮጋድሮ። መጠኑ ብቻ ሲሰረዝ ደግሞ ጥምር የተባለው ነው።

ስማቸው የበዛው ግኝቱ በአንድ ቀን ስላልመጣ ነው። ሮበርት ቦይል የግፊትንና የይዘትን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1662 አሳተመ። በሃይድሮጂን የተሞላ ፊኛ ወደ ሰማይ በመላክ የሚታወቀው ዣክ ቻርልስ ስለ ሙቀትና ይዘት በ1780ዎቹ ቢደርስበትም አላሳተመውም፤ በ1802 ያሳተመው ጌ ሉሳክ ነው፣ ለቻርልስም እውቅና ሰጠው። በጌ ሉሳክ ስም የሚጠራውን የግፊትና የሙቀት ግንኙነት ደግሞ አሞንተን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ከእሱ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ አጥንቶት ነበር። አቮጋድሮ በ1811 መጣ። ሁሉንም በአንድ ቀመር ያሰረው ክላፔይሮን ነው፣ በ1834። እና ስሞቹን ብታምታቱ አይፍረድባችሁ፤ ታሪኩ ራሱ የተምታታ ነው። ፈታኙ «የማን ሕግ ነው?» ብሎ እስካልጠየቀ ድረስ ስሙ ማርክ የለውም።

ያልተለወጠው ምንድን ነው?

ፈራኢድ የቀራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ውርስ ሲከፋፈል የመጀመሪያው ሥራ ማካፈል አይደለም። ማን በሕይወት አለ፣ ማን ይወርሳል፣ ማን ማንን ይከለክላል የሚለው ይለያል፤ ሒሳቡ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። የጋዝ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ካልኩሌተር ከመንካታችሁ በፊት አራቱን ፊደሎች ወደ ታች ጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ቦታ ክፈቱ፤ የተሰጠውን ሙሉ፤ የማይለወጠው ላይ መስመር አስምሩበት።

ችግሩ ጥያቄው «ይዘቱ አልተለወጠም» ብሎ በግልጽ የሚነግረን ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ደብቆ ያልፋል፤ በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ ተምረን ለመጣን ደግሞ ፈተናው የኬሚስትሪ መሆኑ ቀርቶ የቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ ቃላቱን እንያቸው።

«ሪጂድ» ካለ ዕቃው አይለጠጥም፣ አይጨመቅም ማለት ነው፤ ቪ ይሰረዛል። «ስቲል ታንክ»፣ «ሲሊንደር» ወይም «ግላስ ፍላስክ» ብሎ ሲነሣም እንደዚያው ነው፤ ብረትና ብርጭቆ በሙቀት የሚሰፉት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «ሲልድ» ካለ ታሽጓል፤ የሚገባም የሚወጣም የለም፤ ኤን ይሰረዛል። ብዙዎቻችን ሪጂድና ሲልድን እንደ አንድ እናያቸዋለን፤ የተለያዩ ናቸው። የታሰረ ፊኛ ሲልድ ነው፣ ሪጂድ ግን አይደለም። አፉ የተከፈተ የብርጭቆ ፍላስክ ሪጂድ ነው፣ ሲልድ ግን አይደለም፤ ብታሞቁት አየሩ ይወጣል እንጂ ግፊቱ አይጨምርም።

«ፊኛ» ወይም «በነፃ የሚንቀሳቀስ ፒስተን» ካለ የውስጡ ግፊት ከውጭው ግፊት ጋር እኩል እስኪሆን ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። የውጭው ካልተለወጠ ፒ ይሰረዛል። «አይሶተርማል» ወይም «በጣም በዝግታ ተጨመቀ» ካለ ቲ አልተለወጠም። «ጋዙ ሾለከ» ወይም «ተጨመረበት» ካለ ደግሞ ጥንቃቄ፤ ኤን ተለውጧል፣ በጥምር ሕግ መሥራት አይቻልም። ማጠቃለያ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥምር ሕግ ኤንን ከመጀመሪያው ስለሰረዘው፣ እሱን ብቻ የያዘ ተማሪ እዚህ ጋ ወጥመድ ውስጥ ይገባል።

ኬልቪን

አሁን ወደ እውነተኛ ነገር እንሂድ። አዲስ አበባ ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ ሃይላንዱን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘጋችሁትና ቦርሳ ውስጥ ከተታችሁት። ወደ ድሬዳዋ ተጓዛችሁ። ስትደርሱ ጠርሙሱ ተጨማዷል። ማንም አልተቀመጠበትም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎፓስካል ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ግፊቱ ወደ 88 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ስንነሣ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር እንበል፣ ስንደርስ 32። ጠርሙሱ ታሽጓልና ኤን ይሰረዛል። ፕላስቲኩ ስስ ስለሆነ የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር እኩል ይሆናል ብለን እንውሰድ። ሦስቱ ተለውጠዋል።

ቀመሩን ከማገላበጥ ይልቅ እንዲህ እናስብ። የነበረን ይዘት 500 ሚሊሊትር ነው። ግፊቱ ጨመረ፤ ግፊት ሲጨምር ጋዝ ይጨመቃል፤ ስለዚህ በ76 ÷ 88 እናባዛለን እንጂ በ88 ÷ 76 አይደለም። ሙቀቱ ደግሞ ጨመረ፤ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ከላይ ይሆናል። ሙቀቶቹን ወደ ኬልቪን ለመቀየር 273 እንጨምራለን፦ 17 ሲደመር 273 ማለት 290፣ 32 ሲደመር 273 ማለት 305።

500 × (76 ÷ 88) × (305 ÷ 290) = 454 ሚሊሊትር

ሙቀቱ ሊያሰፋው ቢሞክርም ግፊቱ በረታ። 46 ሚሊሊትር ጎደለ፤ የጠርሙሱ መጨማደድ ይህ ነው።

ኬልቪንን ረስቶ በሴልሺየስ የሠራ ሰው ምን ያገኛል? 500 × (76 ÷ 88) × (32 ÷ 17) ማለት 813 ሚሊሊትር። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 813 ሚሊሊትር ሆኖ ድሬዳዋ ደረሰ! መልሱን መልሳችሁ ብታነቡት ብቻ ስሕተቱ ራሱ ይጮኻል።

ለምን ኬልቪን ሆነ? ምክንያቱም ማካፈል ትርጉም የሚኖረው ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ሲሆን ነው። 40 ብር የ20 ብር እጥፍ ነው፣ ዜሮ ብር ማለት ምንም ማለት ስለሆነ። የሴልሺየስ ዜሮ ግን ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ሞለኪዩሎቹ አሁንም እየሮጡ ናቸው። ስለዚህ 40 ዲግሪ የ20 ዲግሪ እጥፍ አይደለም፤ 313 ለ293 ነው፣ ሰባት በመቶ እንኳ አይበልጥም። ጋዝ ግፊቱ ሳይለወጥ ሲቀዘቅዝ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በዜሮ ሴልሺየስ ከነበረው ይዘት አንድ 273ኛ ያህል ይቀንሳል። መስመሩን ወደ ኋላ ብታሰምሩት ይዘቱ ዜሮ የሚሆነው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ ነው፤ በትክክሉ 273.15። በተግባር ጋዙ እዚያ ሳይደርስ ፈሳሽ ይሆናል፤ ነገር ግን ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በ1848 መቁጠሪያው ከዚያ ፍጹም ዜሮ መጀመር እንዳለበት አቀረበ።

አንድ ልዩነት ብቻ ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ጨመረ» ካለ 15ቱ ላይ 273 አይጨመርም። ልዩነት በሴልሺየስም በኬልቪንም አንድ ነው።

የትኛው ግፊት?

ግፊትም እንደ ሙቀት የተሳሳተ ዜሮ አለው፤ ይህን ግን ጥቂቶች ያስተውሉታል። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲነፋ የሚታየው ጌጅ ዜሮ የሚያሳየው ጎማው ውስጥ አየር ሲያልቅ ሳይሆን የውስጡ ግፊት ከውጭው ጋር እኩል ሲሆን ነው። ጌጁ የሚለካው ትርፉን ነው። ቀመሩ የሚፈልገው ግን ሙሉውን ነው። ስለዚህ የጌጁ ንባብ ላይ የአካባቢውን የአየር ግፊት መደመር አለብን።

አዲስ አበባ ላይ በጠዋት፣ በ12 ዲግሪ፣ የመኪና ጎማ በጌጅ 220 ኪሎፓስካል አነበበ። ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ ጎማው ውስጥ ያለው አየር 42 ዲግሪ ደረሰ። ጎማው ብዙም አይለጠጥም፣ አልተነፈሰምም፤ ቪ እና ኤን ይሰረዛሉ። ሙሉው ግፊት 220 + 76 = 296 ነው። 296 × (315 ÷ 285) = 327። ጌጁ የሚያሳየው ከዚህ 76 ሲቀነስ ነው፤ 251። ጌጁን እንዳለ ወስዶ ያባዛ ሰው 243 ያገኛል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ምርጫ ጥያቄ ላይ ግን ሁለቱም መልሶች ተጽፈው ይጠብቋችኋል። ጥያቄው ውስጥ «ጌጅ» የሚል ቃል ካለ አስምሩበት።

አር፣ መለኪያዎቹ እና ላብራቶሪው

«በፊት» እና «በኋላ» የሌለው ጥያቄ ሌላው ዓይነት ነው። አንድ ሁኔታ ብቻ ተሰጥቶ የቀረውን ፈልጉ ይላል። እዚህ ላይ አር አይሰረዝም፤ ቁጥሩን ማስገባት ግድ ነው። በጽሑፍ ውስጥ አንዲት ሐረካ ትርጉም እንደምትለውጥ ሁሉ እዚህም መለኪያ ይለውጣል። ግፊቱ በኪሎፓስካል፣ ይዘቱ በሊትር ከሆነ አር 8.314 ነው። ግፊቱ በአትሞስፌር ከሆነ 0.08206። በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተሰጠ ከሆነ መጀመሪያ ለ760 አካፍላችሁ ወደ አትሞስፌር ቀይሩት። ሚሊሊትር ወደ ሊትር፣ ሴልሺየስ ወደ ኬልቪን። ሁለት አር ይዞ መግባት አያስፈልግም፤ አንዱን ምረጡና ሌላውን ሁሉ ወደ እሱ አምጡት። እኔ 8.314ን እመርጣለሁ፤ ቴርሞዳይናሚክስ ላይም እሱኑ ታገኙታላችሁ።

ይህ ቀመር ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው የማይታወቅን ነገር ሞላር ማስ ለማግኘት ነው። የዱማ ዘዴ የሚባለው የላብ ሥራ ብዙ ቦታ ይሰጣል። ፍላስክ ውስጥ ጥቂት ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ይደረጋል፤ አፉ በፎይል ተሸፍኖ በመርፌ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ ተንኖ አየሩን ያስወጣል፤ ትርፉም አብሮ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ፍላስኩ በተን ብቻ ይሞላል፤ ግፊቱ የክፍሉ አየር ግፊት ነው፣ ሙቀቱ የፈላው ውሃ ሙቀት። ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይመዘናል።

ፍላስኩ 250 ሚሊሊትር፣ የተኑ ክብደት 0.364 ግራም ሆነ እንበል። ቦታው አዲስ አበባ ነው። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ ግፊቱ ዝቅ ስላለ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሽሮም ሆነ ምስር ከቆላው ይልቅ ደጋ ላይ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ነው። እናስላው፦ 92 + 273 = 365።

ኤን = (76 × 0.250) ÷ (8.314 × 365) = 0.00626 ሞል

0.364 ግራምን ለ0.00626 ስናካፍል 58.1 ግራም በሞል እናገኛለን። አሴቶን ነው፤ የእሱ 58.08 ነውና።

አሁን መጽሐፉ ላይ እንዳለው ግፊቱን 101.3፣ ሙቀቱን 373 ብሎ የሠራ ተማሪ ምን ያገኛል? 0.00817 ሞል፤ ሲካፈል ወደ 44.6። 44 የካርቦን ዳይኦክሳይድና የፕሮፔን ቁጥር ነው! ተማሪው በንጹሕ ልብ «ፈሳሹ ፕሮፔን ነው» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፤ ፕሮፔን ደግሞ በክፍል ሙቀት ክፍት ዕቃ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ አይቀመጥም። ማንዋሎቻችን ብዙዎቹ ለባሕር ወለል የተጻፉ ናቸው፤ እኛ የምንኖረው ተራራ ላይ ነው። ላብ ስትገቡ ባሮሜትር ካለ አንብቡ፣ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ክተቱ። ፈተና ላይ ግን የተሰጣችሁን ተጠቀሙ፤ ጥያቄው 1 አትሞስፌር ካለ 1 አትሞስፌር ነው፣ ስለ አዲስ አበባ ከፍታ ክርክር የሚከፈትበት ቦታ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ 22.4 ሊትር። «አንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር ይይዛል» የሚለው ብዙዎቻችን ከሃይስኩል ይዘነው የመጣነው ነው። እውነት የሚሆነው በዜሮ ዲግሪና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው፤ ኤስቲፒ የሚባለው ይህ ነው። ከ1982 ጀምሮ የኬሚስትሪ ዓለም አቀፍ ማኅበሩ የኤስቲፒን ግፊት 100 ኪሎፓስካል ስላደረገው በአዳዲስ መጻሕፍት 22.7 ታገኛላችሁ፤ መምህራችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ አንድ ሞል ስንት ይይዛል? 8.314 × 293 ÷ 76፤ ወደ 32 ሊትር። ጥያቄው ኤስቲፒ ካላለ 22.4ን አትንኩት።

ቀመሩ የማይሠራበት

ፒቪ እኩል ኤንአርቲ ለጋዝ ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ስንወዘውዘው የሚንቦጫረቀው ፈሳሽ ነው፤ ከላዩ ጥቂት ተን አለ። ጋዙ ሲወጣ ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፤ ስለዚህ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ ብዙም አይወርድም። ስንት እንደቀረው ማወቅ የፈለገ ሰው ግፊት ለክቶ አያገኘውም፤ ሲሊንደሩን መመዘን አለበት። በጣም ከፍ ባለ ግፊትና በጣም ዝቅ ባለ ሙቀትም ሞለኪዩሎቹ ስለሚቀራረቡ ቀመሩ ይዛነፋል። ለፍሬሽ ፈተና ግን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

ሦስት መለማመጃዎች

መልሶቹን ሳታዩ በወረቀት ሥሯቸው።

አንደኛ፦ ባዶ የመሰለ የዲዮዶራንት ጣሳ ውስጥ በ27 ዲግሪ 300 ኪሎፓስካል ግፊት ያለው ጋዝ ቀርቷል፤ ቁጥሩ ሙሉው ግፊት ነው። ጣሳው ቆሻሻ ጋር እሳት ውስጥ ተጥሎ 627 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ስንት ይሆናል?

ሁለተኛ፦ የተነፈሰ ኳስ አዲስ አበባ ላይ በጌጅ 24 ኪሎፓስካል ያነባል። ነፋንበትና 74 ሆነ። ይዘቱም ሙቀቱም አልተለወጡም እንበል። ውስጡ ያለው አየር በስንት እጥፍ ሆነ?

ሦስተኛ፣ በተለይ ለጤና ተማሪዎቻችን፦ 10 ሊትር የሚይዝ የኦክስጅን ሲሊንደር በጌጅ 15,000 ኪሎፓስካል ያነባል። አዲስ አበባ ላይ ላለ ታማሚ በደቂቃ 5 ሊትር ይሰጠዋል፤ 5ቱ ሊትር በክፍሉ ግፊት የተለካ ነው። ሙቀቱ አይለወጥም። ስንት ሰዓት ያቆያል?

የመጀመሪያው፦ ጣሳው ሪጂድም ሲልድም ነው፤ ቪ እና ኤን ይሰረዛሉ። 300 × (900 ÷ 300) = 900 ኪሎፓስካል። ጣሳው ይህን ላይችል ይችላል፤ ፈሳሽ ቀርቶበት ከነበረ ደግሞ ግፊቱ ከዚህም ይብሳል። «እሳት ውስጥ አትጣሉ» የሚለው ጽሑፍ ለጌጥ አልተጻፈም።

ሁለተኛው፦ የሚለወጠው ኤን ነው፣ ስለዚህ ጥምር ሕጉ አይሠራም። ፒ1 ÷ ኤን1 = ፒ2 ÷ ኤን2። ሙሉ ግፊቶቹ 100 እና 150 ናቸው፤ አየሩ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ። ከሦስት እጥፍ በላይ ካገኛችሁ የጌጁን ቁጥር እንዳለ ወስዳችኋል።

ሦስተኛው፦ ኤን እና ቲ ይሰረዛሉ። 15,076 × 10 ÷ 76 ወደ 1,984 ሊትር ይሰጣል። ሲሊንደሩ ግን ግፊቱ ከክፍሉ ጋር እኩል ሲሆን መስጠት ያቆማል፤ 10 ሊትሩ ውስጡ ይቀራል። ስለዚህ የሚወጣው 1,974 ሊትር ነው፤ ለ5 ሲካፈል 395 ደቂቃ፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ። በዚህ ግፊት ኦክስጅን ከቀመሩ ትንሽ ፈቀቅ ይላልና ይህ ግምት ነው። ዋርድ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጌጁ ዜሮ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ቀጣዩን ሲሊንደር ቀደም ብሎ ያስመጣል።